በብርድ አገር የሚቀመጥ እንግዳ በሰዎች በዓል እንዴት ይሁን?

ወዳጄ ሆይ፥ በየካ ወይም በእንጦጦ ሥር ያደግህ እንደ ሆነ ብርድን አላውቅም አትልም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል፤ በኅዳር 12 ቀን ማለዳ ወደ የካ ሚካኤል ስትወርድ ውርጩን በሣር ላይ አይተኸው ይሆናል። ነገር ግን የእኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ፀሐይ ከባሕር ዛፉ በላይ ብቅ ስትል ይሸሻል። በሰሜን ባለው አገር እንዲህ አይደለም። በስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ቀኑም 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ሊተካከል ጥቂት በሚቀረው አገር ለተወለደ ሰው፥ ይህ ከበረዶው ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህም ወደዚያ የሄደ ወገናችን ብዙ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ «እነዚህ ሰዎች ሰላምታ እንኳ አያውቁም» ይላል። አንተ ግን ሰዎቹን በበዓላቸው ሳታያቸው አትፍረድባቸው። በታኅሣሥ 4 ቀን፥ ይኸውም እነርሱ ዲሴምበር 13 በሚሉት፥ ገና ሳይነጋ ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው፥ አንዲቱም ቀይ መቀነት ታጥቃ የሻማ አክሊል በራስዋ ደፍታ፥ እየዘመሩ ይመጣሉ። የሲራኩስ ሰማዕት የቅድስት ሉሲያ መታሰቢያ ነው። በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታም ይደረጋል፤ ቡናና በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ዳቦ ይቀርባል። በቡሄ ዋዜማ በነሐሴ ጉም ውስጥ ችቦ ያበራ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የሚያስጨንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እነርሱ የልደትን በዓል የሚያከብሩት በታኅሣሥ 15 ማታ ነው፤ አንተ ግን ከኅዳር 15 ጀምረህ በጾመ ነቢያት ውስጥ ነህ። በገበታቸውም ላይ ዋናው የአሳማ ሥጋ ነው። ጎረቤትህ ቢጠራህ ምን ታደርጋለህ? አንዳንዱ «ታምሜአለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ይህ ሐሰት ነው፥ የተዘጋጀለትም ወንበር ባዶ ሆኖ ያመሻል። ሌላው አፍሮ ይበላል፥ ሌሊቱንም ኅሊናው ሲወቅሰው ያድራል። ከሁለቱ የሚሻል መንገድ አለ። ቀኑ ሳይደርስ ወደ ጠራህ ሰው ሄደህ «ደስ ብሎኝ እመጣለሁ፤ ነገር ግን እስከ ጃንዋሪ 7 ቀን ሥጋና ወተት፥ ቅቤና እንቍላልም አልበላም» በለው። ሰው አስቀድሞ በተነገረው ነገር ብዙ ጊዜ አይቀየምም፤ ድንችና ዳቦም ከገበታቸው አይታጣም። (ስለ ዓሣው የነፍስ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ በዚህ አልገባም።) በተባለው ሰዓት ድረስ፤ በረዶ የረገጠ ጫማህንም በደጃፉ አውልቅ። ሥጋ የሚበላውን በዓይንህ አትገሥጸው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ መብልና ስለ ቀን ሲናገር፥ ነገሩ ለሚበላውም ለማይበላውም ነውና።

ጃንዋሪ 6 በዚያ አገር ሥራ የማይሠራበት በዓል ነው፤ ለእኛም የገና ዋዜማ ነው። በማግሥቱ ግን ሁሉም ወደ ተግባሩ ይሄዳል፥ የአንተንም በዓል የሚያውቅ የለም። በዚህ አትዘን፤ ካልነገርኸው ከወዴት ያውቃል? ያን ጎረቤትህን ከሥራ በኋላ ወደ ቤትህ ጥራው። ዶሮ ወጡን በርበሬውን ቀንሰህ ሥራለት፥ እንጀራውም እንዴት እንደሚቈረስ አሳየው። እርሱ ጫማውን በደጃፍህ ያወልቃል፤ አንተም ውኃ አቅርበህ እጁን አስታጥበው።