የቀደመ ሕግና የዛሬ ፍርድ

አዲስ ሕግ በታወጀ ጊዜ አሮጌው ሕግ ፈጽሞ እንደ ጠፋ የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው። ነገሩን መርምረን ብናየው ግን የተሻረ ሕግ በሰው ኑሮ ውስጥ ብዙ ዘመን ይቈያል። በርሱ መሠረት የተጋቡ፥ የወረሱና የተፋረዱ ሰዎች በሕይወት አሉና። ይህንንም ካህናትና ምእመናን ዘወትር በሚጠየቁበት በጋብቻ ነገር ልናስረዳ እንወዳለን።

አባቶቻችን በፍትሐ ነገሥት ይፈርዱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ከ51ዱ አንቀጾቹ 24ኛው ስለ ጋብቻ ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ በመቅድሙ ፍትሐ ነገሥትን በክብር አንሥቶታል። በመጨረሻውም ሁለት ቍጥሮችን አከታትሎ አኖረ። በቍጥር 3347 ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች የቀድሞ ደንቦችንና ልማዶችን ሻረ፤ በቍጥር 3348 ግን ከርሱ በፊት የተቋቋመው ሕጋዊ ሁኔታ፥ ሌላ ካልተነገረ በቀር፥ ጸንቶ እንዲኖር አዘዘ። ስለዚህ ሕግ አውጪው ራሱ ያለፈውን ፈጽሞ አልጣለም።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለ ሆነ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ በርሷም ይሠራል። በ1952ቱ ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ አሁን ለሴትም ለወንድም 18 ነው። ቀድሞ የፍቺን ነገር የቤተ ዘመድ ዳኞች ይመለከቱ ነበር፤ አሁን ፍቺን መወሰን የፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ክርክሩም ከዚህ ይነሣል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ባል ለሥራ ወይም ለንግድ ርቆ መሄዱ ለእንዲህ ያለ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ባልና ሚስት ያለ ፍቺ ውሳኔ ብዙ ዓመት ተለያይተው ቢኖሩ ጋብቻቸው ጸንቷልን? የቤተሰቡ ሕግ በቍጥር 75 ጋብቻ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር መለያየትን አልጠቀሰም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን ተጋቢዎች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ መሥርተው ሲገኙ፥ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ወስኗል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በአዋጅ ቍጥር 454፥ የዚህ ችሎት የሕግ ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1234ም ይህንኑ አጽንቷል።

ከሁለቱም ወገን ፍትሕ አለ። አንዱ ወገን፥ ትዳሩን ትቶ የሄደ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሌላው ለብቻው ባፈራው ሀብት ሊካፈል አይገባውም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፥ ሕጉ ያልጻፈውን ምክንያት ዳኛ ሊጨምር አይገባውም፤ ቤቷን ጠብቃ የቈየች ሚስትም ድርሻዋን ታጣለች ብሎ ይሰጋል። እኛ እንደምናስተውለው፥ የቀደመን ፍርድ የሚጠቅስ ሰው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ማንበብ ይገባዋል። ችሎቱ የተመለከተው መለያየትን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ኑሮ መመሥረታቸውን ጭምር ነው። ባሏን እየጠበቀች በቤቷ የኖረች ሴት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነውና፥ ያንኑ ፍርድ ሳይመረምሩ በርሷ ላይ መጫን ቅን ፍርድ አይሆንም።

የካህናት ድርሻም በዚህ ይታወቃል። ሕጉ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ስለሚቀበል፥ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በፍርድ አደባባይ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ዕለቱንና የምስክሮቹን ስም አጥርቶ መጻፍ፥ ሊያገባ የመጣውንም ሰው የቀድሞ ጋብቻ እንዳለበትና የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ያዘ መጠየቅ ይገባል። ፍርድ ቤት ስለ ሀብት የሚወስነውንና ቤተ ክርስቲያን ስለ ምሥጢረ ተክሊል የምታስተምረውን ለይቶ ማስረዳትም የመምህር ሥራ ነው። ተለያይተው የሚኖሩትንም አስቀድሞ ወደ ዕርቅ መጥራት፥ ዕርቅ ካልተገኘ ነገሩን ሳያቈዩ ለዳኛ እንዲያቀርቡ መምከር ይገባል። ዛሬ ቸል ያልነው ጽሑፍ ነገ የልጆች ክርክር ይሆናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።