ስለ ዴልሂ ቅይጥ ገንዘብ

በህንድ አገር በዴልሂ ከተማ ሱልጣን የተባሉ የእስላም ነገሥታት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1206 እስከ 1526 ዓ.ም. ነግሠው ነበር። ትልቁ ገንዘባቸው ታንካ ይባል ነበር፤ 11 ግራም ያህል የሚመዝን ጥሩ ብር ነው። ድኃው ግን እህልና ጨው የሚገዛው ጂታል በሚባለው ትንሽ ገንዘብ ነበር። በዴልሂ 48 ጂታል አንድ ታንካ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። ጂታል ከጥሩ ብር ብቻ ቢሠራ ኖሮ ከምስር ፍሬ ባነሰ፥ ከጣትም መካከል ሾልኮ በጠፋ ነበር። ስለዚህ አንጥረኞች ጥቂቱን ብር ከብዙ መዳብ ጋራ አቅልጠው ለእጅ የሚመች አደረጉት። ይህ ማታለል አይደለም፤ ብሩ ጥቂት ቢሆንም በውስጡ አለና።

ነገር ግን የብሩን ልክ ዓይን አይቶ አያውቀውም፤ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ታኩራ ፌሩ የሚባል ሰው በዴልሂ ገንዘብ በሚመታበት ቤት ይሠራ ነበር። እርሱም በ1318 ለወንድሙና ለልጁ ትምህርት እንዲሆን መጽሐፍ ጻፈ። ከ200 የሚበልጡ የገንዘብ ዓይነቶችን እየቆጠረ፥ የእያንዳንዱን ሚዛንና በውስጡ ያለውን የወርቅና የብር መጠን አስታወቀ።

ከ12 ዓመት በኋላ ሱልጣን መሐመድ ቢን ቱግሉክ ከናስና ከመዳብ ገንዘብ አስመታ፤ እንደ ብር ታንካም ይቆጠር ብሎ አዘዘ። በላዩም ለንጉሥ የሚታዘዝ ለእግዚአብሔር እንደ ታዘዘ ይቆጠራል የሚል ቃል አስጻፈበት። በዚህ ገንዘብ ውስጥ ትእዛዝ እንጂ ብር አልነበረም። ቅርጹንም አስመስሎ መሥራት ቀላል ስለ ነበረ ብዙ ሰው በየቤቱ ይሠራው ጀመር። የንጉሡ ጥፋት ናስ መምረጡ ሳይሆን፥ አንጥረኛ ሁሉ ሊሠራው የሚችለውን ነገር መምረጡ ነው። ባራኒ የሚባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን፥ ሰዎች ግብራቸውን በዚሁ ከፈሉ፤ ፈረስና መሣሪያም ገዙበት። በሩቅ አገር ያሉት ግን እንደ ተራ መዳብ ብቻ ይቀበሉት ነበር።

በ1332 ገደማ ንጉሡ ትእዛዙን ሻረ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ የሚያስመሰግን ነገር አደረገ፤ ይኸውም ናሱን ላመጣ ሁሉ ከግምጃ ቤቱ ብር እንዲሰጠው አዘዘ። ሕዝቡም እየተሸከመ መጣ። የተመለሰው ናስ በቱግሉካባድ እንደ ተራራ ተከመረ።

ከእርሱ በኋላ የመጡትም ነገሥታት ቅይጥ ገንዘብ ማስመታት አልተዉም። ሼር ሻህ ግን ከ1540 እስከ 1545 በነገሠ ጊዜ ቅይጡን ትቶ፥ ብሩን ለብቻ መዳቡን ለብቻ አስመታ። የብሩንም ገንዘብ ሩፒያ አለው፤ ህንዶች ዛሬም ገንዘባቸውን በዚህ ስም ይጠሩታል።