ለምናባዊው ቁስለኛ ምን ዓይነት መድኃኒት እንፍጠር?

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በጽሑፍ በሰፈረ ደንብና በዳይስ ዕጣ ታሪክን በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ከታተመ ወዲህ የገጸ ባሕርያትን ጤና በነጥብ መለካት የተለመደ ሆኗል። ሰይፍ ሲያርፍበት የገጸ ባሕርዩ ነጥብ ይቀንሳል፤ ፈዋሽ መጠጥ ሲጎነጭ ነጥቡ ይመለሳል። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረቱ በርካታ ጨዋታዎችም መጠጡን በመርፌ ተኩት እንጂ አሠራሩን አልለወጡትም።

ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ለተጫዋቹ ምቹ ቢሆንም ታሪኩን ያደኸየዋል። ማንኛውም ቁስል በአንድ መርፌ የሚሽር ከሆነ የሚያስፈራ ነገር አይኖርም፤ የሚያስፈራ ነገር ከሌለ ደግሞ ተጫዋቹ አውጥቶና አውርዶ የሚወስነው ጉዳይ አይኖረውም። እንግዲህ የተሻለ ምናባዊ መድኃኒት እንዴት ይፈጠራል? መልሱን በእውነተኛው የሕክምና ሳይንስ ውስጥ እንፈልገው።

ታሪኩ የሚፈጸምበት ስፍራ

ታሪኩን በጆሃንስበርግ፣ በአሌክሳንድራ እናስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ1912 የተመሠረተው ይህ ሰፈር የጁክስኬይ ወንዝ የሚያልፍበት፣ ቤቶቹ እጅግ ተጠጋግተው የተሠሩበት ነው። በስተምዕራብ የኤም አንድን አውራ ጎዳና ሲሻገሩ ከአፍሪካ ባለጸጋ የንግድ ማዕከላት አንዱ የሆነው ሳንድተን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በደቡብ አፍሪካ ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት፣ በውጭ ዜጎች ላይ ያነጣጠረው ጥቃት የተቀሰቀሰውም በአሌክሳንድራ ነበር።

በደቡብ አፍሪካ በአነስተኛ ሱቅ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ገጸ ባሕርያችን ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ ይሁን። ዘመኑ 2090 ነው። ባለሱቁ ጭኑ ላይ ቆስሎ ደሙ እየፈሰሰ ነው። ባልንጀሮቹ በእጃቸው ያለው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ምን እናስቀምጥ?

ፈጣን ፈውስ የሚያስከፍለው ዋጋ

ብዙ ደራስያን ቀድመው የሚያስቡት ፈውስን ማፋጠንን ነው። የመጀመሪያ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ትራቭለር» በተሰኘው የሕዋ ጨዋታ ውስጥ የሰውነትን ሂደት 30 ጊዜ ያህል በማፋጠን የአንድ ወር ማገገሚያን በአንድ ቀን የሚያስጨርስ መድኃኒት አለ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ በምሕንድስና ዓይን ግን እንመዝነው።

አንድ አዋቂ ሰው ያለ ሥራ ዐርፎ ሳለ ሰውነቱ ወደ 80 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይጠቀማል። ይህ በ30 ሲባዛ 2,400 ዋት ይሆናል፤ ውኃ ከሚያፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ጋር የሚስተካከል ኃይል ነው። ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአንድ ዲግሪ ይሞቃል፤ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ለሕይወት አስጊ ወደሆነው 42 ዲግሪ ይደርሳል። በተጨማሪም በቀን ወደ 50,000 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ምግብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚጠቀም ጨዋታ የማቀዝቀዣ ገንዳና የማያቋርጥ ምግብ አብሮ ማሰናዳት አለበት። በአሌክሳንድራ ጠባብ መንገድ ላይ ለወደቀው ባለሱቅ ይህ አይሆነውም።

ቁስለኛውን የሚገድለው ምንድን ነው?

የጭን ቁስል በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድለው በደም መፍሰስ ነው። የአዋቂ ሰው ደም ወደ 5 ሊትር ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከፈሰሰ ሕይወት አደጋ ላይ ትወድቃለች። ስለሆነም የመጀመሪያው እርዳታ ሦስት ተግባራት አሉት፤ የሚፈሰውን ማቆም፣ የጎደለውን ፈሳሽ መተካት፣ ኦክስጅን ወደ አንጎልና ወደ ልብ መድረሱን እንዲቀጥል ማድረግ። ሥጋው የሚጠገነው ከዚያ በኋላ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። የነጥብ ሥርዓት እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ስለሚጨፈልቃቸው የጊዜን ትርጉም ያጠፋዋል።

ሦስቱም ተግባራት በእውነተኛው ዓለም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ የእያንዳንዱም ታሪክ ለጨዋታ ፈጣሪ ትምህርት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። ጃፓናዊቷ ሐኪም ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ይህ ርካሽ መድኃኒት የረጋ ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነውና በ40 አገሮች 20,211 ቁስለኞችን ያካተተው ጥናት መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ግን በደም መፍሰስ የመሞትን ዕድል እንደሚጨምር ታይቷል። ያው መድኃኒት ቀድሞ ሲደርስ ያድናል፤ ሲዘገይ ይጎዳል።

ሁለተኛው የደረቀ ፕላዝማ ነው። ፕላዝማ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የያዘው የደም ፈሳሽ ክፍል ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር በረዶ ሆኖ ይቀመጥና ከመሰጠቱ በፊት እስኪቀልጥ ይጠበቃል። በደቡብ አፍሪካ ግን፣ በክዋዙሉ ናታል ግዛት በፓይንታውን የሚገኘው የብሔራዊ ባዮፕሮዳክትስ ተቋም ፕላዝማን በዱቄት መልክ ያመርታል። ዱቄቱ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ንጹሕ የመርፌ ውኃ ሲጨመርበት በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋጃል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ልብ ወለድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የደቡብ አፍሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሄሞፒዩር የተባለውን፣ ከከብት ደም ሄሞግሎቢን የተሠራ የኦክስጅን ተሸካሚ ፈሳሽ በቀዶ ሕክምና ላይ ላሉ ሕሙማን ፈቀደ። ፈሳሹ የደም ዓይነት መመሳሰልን አይጠይቅም፤ ያለ ማቀዝቀዣም እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። ተአምር ይመስላል፤ ሆኖም ከቀይ የደም ሕዋስ ውጪ የሚንሳፈፍ ሄሞግሎቢን የደም ሥሮችን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይይዘዋል። ሥሮቹ ይጠብባሉ፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በዚህ ዘርፍ የተሠሩ አምስት ምርቶችንና 16 ጥናቶችን በአንድነት የገመገመ ጽሑፍ የልብ ድካም አደጋ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ፣ የሞት አደጋም በ30 በመቶ እንደሚጨምር አመለከተ።

«ፋታ» የተባለው መድኃኒት

አሁን ብልቃጡን መሙላት እንችላለን። መድኃኒታችንን «ፋታ» እንበለው፤ ለቁስለኛው የሚሰጠው ፋታን ነውና። ደንቡ አራት አንቀጽ ብቻ አለው።

አንደኛ፣ «ፋታ» የጤና ነጥብ አይመልስም፤ የነጥቡን መቀነስ ብቻ ለስድስት ሰዓት ያቆማል። ቁስለኛው በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ሲሰጥ ሙሉ ኃይል አለው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ጉዳትን ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ሁለተኛ ብልቃጥ የሚሰጠው ተጫዋች ዳይስ ይጥላል፤ ዕጣው መጥፎ ከወጣ ልብ ትጎዳለች። በሦስተኛው ብልቃጥ ላይ አደጋው በእጥፍ ያድጋል።

አራተኛ፣ «ፋታ» ዱቄት ነው፤ ንጹሕ ውኃ ከሌለ አይሠራም።

በዚህ ደንብ የታሪኩ መልክ ወዲያው ይለወጣል። ስድስት ሰዓት አለን፤ ንጹሕ ውኃ ማን ቤት ይገኛል? በሁከት መካከል አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ሳንድተን መድረስ ይቻላል? ጎረቤት የሆነችው ደቡብ አፍሪካዊት እናት ልጇ ቆስሎባት ብትመጣና ያለው ብልቃጥ አንድ ብቻ ቢሆን ለማን ይሰጣል? ጨዋታው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ማንሳት ከቻለ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል።

በጆሃንስበርግ የተወለደው የፊልም አዘጋጅ ኒል ብሎምካምፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ኢሊዚየም» ፊልም ማንኛውንም በሽታ በቅጽበት የሚፈውስ ማሽን አሳይቶናል። የእርሱ ማሽን የሳይንስ ገደብ የለበትም፤ ዳሩ ግን የሚገኘው በሕዋ ላይ በሚኖሩ ባለጸጎች ቤት ብቻ ስለሆነ ታሪኩ ከዚያ ተወለደ። ገደቡ በኬሚስትሪው ውስጥ ካልተቀመጠ በኅብረተሰቡ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በእኛ «ፋታ» ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ይህን ጨዋታ ለመሞከር ለምትፈልጉ ተመልካቾቻችን አንድ አምስተኛ አንቀጽ እንጨምር፤ ይህኛው ምናባዊ አይደለም። ብልቃጡ ከመምጣቱ በፊት ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ አጥብቆ የሚጫን፣ እርዳታ እስኪደርስም የማይለቅ ተጫዋች ለቁስለኛው ተጨማሪ ደቂቃዎችን ያገኛል። በ2090ም ሆነ ዛሬ፣ በአሌክሳንድራም ሆነ በየትኛውም ከተማ ይህ እርዳታ ፈቃድም ገንዘብም አይጠይቅም።