በእሑድ ጉባኤያችን የጎደለው ማን ነው?



ጌታችን ከሙታን በተነሣበት በመጀመሪያው እሑድ ማታ ደቀ መዛሙርቱ በሮቹን ዘግተው ተሰብስበው ሳሉ በመካከላቸው ቆሞ ሰላሙን ሰጣቸው (ዮሐ. 20፣19-29)። ይሁን እንጂ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ቶማስ በዚያ አልነበረም። እንግዲህ የመጀመሪያው የእሑድ ጉባኤ ራሱ አንድ የጎደለ ሰው ነበረው ማለት ነው። ወንጌላዊው ቶማስ ለምን እንደ ቀረ አይነግረንም፤ ሌሎቹ ግን ያዩትን እንደ ነገሩት፣ ከስምንት ቀንም በኋላ እርሱ ከእነርሱ ጋር እንደ ነበረ ይነግረናል። ቶማስ ከሙታን የተነሣውን ጌታ ያየው ለብቻው ተለይቶ ሳለ ሳይሆን በወንድሞቹ መካከል ሆኖ ነው።

ይህንን ወንጌል በግዕዝ ሥርዓትም ሆነ በላቲን ሥርዓት ከፋሲካ ቀጥሎ በሚውለው እሑድ እንሰማዋለን። ስንሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቶማስ ጥርጣሬ እናስባለን። በዚህ ትምህርት ግን መቅረቱን ዐውቀው ስለ ፈለጉት ስለ ጓደኞቹ እናስብ ዘንድ ወደድን።

1. እሑድ የጉባኤ ቀን ነው

የሐዋርያት ሥራ እንደሚያስተምረን የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሐዋርያት ትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራውን በመቁረስና በጸሎት ይተጉ ነበር (ሐዋ. 2፣42)። እነዚህ አራቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ ኅብረቱ ሲላላ የእንጀራው መቁረስ ትርጉም ይደበዝዛል። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጻቸው አንዱ ጠግቦ ሌላው እየተራበ የጌታን ራት እንበላለን በማለታቸው ነበር (1ቆሮ. 11፣17-34)።

በዲዮቅልጥያኖስ ዘመነ ስደት፣ በ304 እ.ኤ.አ.፣ በሰሜን አፍሪካ በምትገኘው በአቢቲና ከተማ 49 ክርስቲያኖች በእሑድ ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዙ። ጉባኤው እንደ ተከለከለ እያወቁ ለምን እንደ ተሰበሰቡ ሲጠየቁ፣ ያለ እሑዱ ምስጢር መኖር እንደማይችሉ መልሰው በሰማዕትነት ዐረፉ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ተሸሽገው መጸለይ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የክርስቶስ አካል በአንድነት ሲሰበሰብ የሚሆነው ነገር በቤት ውስጥ ብቻ በሚደረግ ጸሎት እንደማይተካ ዐወቁ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ (ቁጥር 10) ሥርዓተ አምልኮ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሁሉ የሚያመራበት ከፍታ፣ ኃይሏም ሁሉ የሚፈልቅበት ምንጭ መሆኑን አስተምሯል። ምንጭ ከሆነ ደግሞ ውኃው ከቅጥሩ ወጥቶ መፍሰስ ይገባዋል።

2. የቀሩትን ያልዘነጋ ጉባኤ

ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው በመጀመሪያው የመከላከያ ጽሑፉ (ምዕራፍ 67) የዘመኑ ክርስቲያኖች እሑድን እንዴት ያከብሩ እንደ ነበረ ገልጾልናል። በከተማም በገጠርም ያሉት በአንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ የሐዋርያትና የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ መሪው ያስተምራል፤ ሁሉም ቆመው ይጸልያሉ፤ ኅብስቱና ጽዋው ይቀርባል፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። ቁርባኑ ለተሰበሰቡት ከታደለ በኋላ፣ በጉባኤው ላልተገኙት ዲያቆናቱ ይወስዱላቸዋል። ከዚያም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች የሚሆን መዋጮ ይሰበሰባል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህንን ልብ እንበል። ዲያቆኑ ለቀሩት ቁርባኑን ይወስድ ዘንድ ማን እንደ ቀረ፣ ለምን እንደ ቀረና ቤቱ የት እንደ ሆነ ማወቅ ነበረበት። መተዋወቅ ለአምልኮቱ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን የአምልኮቱ ክፍል ነበር።

3. እኛስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ቁምስና የደረሰውን፣ ለሁላችንም ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳንሸሽግ እንናገራለን። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት በሴቶች በኩል ካለው ዐምድ አጠገብ ተቀምጠው ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተሉ ነበር። አንድ እሑድ ቀሩ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም አለፈ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ማስታወቂያው ተነበበ፣ ሕዝቡም ተባርኮ ወጣ። ስለ እኚህ እናት የጠየቀ አልነበረም። በስድስተኛው ሳምንት ሌላ ጉዳይ ወደ ሰፈራቸው ቢወስደን፣ እግራቸውን ታመው ከአልጋ እንደ ዋሉ ሰማንና ገባን።

ቤታቸው ተጠርጎ፣ ምግባቸው ተከድኖ፣ ውኃቸውም ተቀድቶ አገኘነው። ይህንን ሁሉ ያደረጉት የእድራቸው ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አልነበሩም። እናታችን በፈገግታ ተቀብለውን ከተጨዋወትን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ብሞት ኖሮ በጡሩንባው ትሰሙ ነበር፤ በሕይወት ስላለሁ ማን ይንገራችሁ?» አሉን። ቃላቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ስለዚህም ይበልጥ ወጋን።

እድሩ እኛ ያላወቅነውን ያወቀው በምን ምክንያት ነው? እድር የአባላት መዝገብ አለው፤ ስም ይጠራል፤ የቀረው ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል፤ አባላቱም ጎረቤታሞች ናቸው። ከአንድ እንጀራ የምንካፈለው እኛ በዚህ ከእድሩ ልናንስ ባልተገባን ነበር። አንድ ብልት ቢታመም ብልቶች ሁሉ አብረው እንደሚታመሙ ሐዋርያው አስተምሮናል (1ቆሮ. 12፣26)፤ ሕመሙን ለመካፈል ግን አስቀድሞ መታመሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

4. ሥርዓታችን ራሱ ያስተምረናል

በግዕዝ ሥርዓት ቅዳሴ የሰላምታው ጸሎት የሚደርሰው ከአኰቴተ ቁርባኑ በፊት ነው። መባችንን በመሠዊያ ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ ጌታ ያዘዘን ትእዛዝ (ማቴ. 5፣23-24) በዚህ ይታሰባል። በላቲን ሥርዓት ደግሞ የሰላም ምልክት የምንሰጣጠው ከመቁረባችን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ስፍራው ቢለያይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ወደ ጌታ ማእድ የሚቀርብ ሰው በወንድሙ በኩል ያልፋል። በሰላምታው ጊዜ እጃችንን የምንዘረጋው አጠገባችን ላለው ነው፤ አጠገባችን የነበረውና ዛሬ የሌለው ሰው ግን ሰላምታችንን በቤቱ ይጠብቃል።

5. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ሀ/ በየሰፈሩ እንተዋወቅ። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት በ1970ዎቹ ንኡሳን ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችን የሐዋርያዊ ሥራቸው ዋና መንገድ አድርገው መርጠዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም ከአፍሪካ ሲኖዶስ በኋላ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተሰብ ብለው አስተምረዋል። በአንድ ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ተሰባስበው ቃለ እግዚአብሔርን ሲያነቡ የቀረው ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ለ/ ያልመጣውን ሳንዘገይ እንጠይቅ። ሁለት ሁለት ሆነን በሳምንቱ መጀመሪያ እንሂድ። ከቅዳሴ የሚቀረው ሁሉ በስንፍና የቀረ አይምሰለን። አንዱ ታሞ፣ አንዷ ሕፃን ይዛ፣ ሌላው ተጣልቶ፣ ሌላው ደግሞ ለመዋጮ የሚሆን ገንዘብ ወይም ንጹሕ ልብስ አጥቶ አፍሮ ሊሆን ይችላል። እሑድን ማክበር ግዴታችን መሆኑን የምታስተምረን ቤተ ክርስቲያን፣ ሕመምንና ሕፃናትን መንከባከብን የመሰለ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ከግዴታው ነፃ እንደሆነም ታስተምራለች (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ቁጥር 2181)። ስለዚህ ጥየቃችን በወቀሳ አይጀምር።

ሐ/ ቃሉን ይዘን እንሂድ። የዕለቱን ወንጌል በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ እናንብብለት፤ ካህኑ ያስተማሩትንም በአጭሩ እናካፍለው። ደቀ መዛሙርቱ ለቶማስ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መ/ ለካህኑ በጊዜው እንንገር። ብዙዎቻችን የሕሙማንን ቅባት የሞት ምልክት አድርገን ስለምንፈራ ካህን የምንጠራው ሕመምተኛው መናገር ሲሳነው ነው። ይህ ምስጢር ግን በሞት አፋፍ ላሉ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ ጉባኤው በዚያው ድንጋጌ (ቁጥር 73) አስረድቷል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የታመመው ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል (ያዕ. 5፣14)።

ሠ/ ምስጢር እንጠብቅ። በሰው ቤት ያየነውን ጉድለት ወደ አደባባይ ብናወጣ ሁለተኛ የሚከፍትልን በር አይኖርም።

በተለይ ለእናንተ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ ካህን በየሳምንቱ በማይደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች ሕዝቡን የምትሰበስቡ እናንተ ናችሁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2021 እ.ኤ.አ. የመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስን አገልግሎት በይፋ ሲመሠርቱ፣ ምእመናን ለዘመናት ሲሰጡት የኖሩትን ይህን አገልግሎት አክብረዋል። ካህኑ ሲመጡ በመጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስንት ሰው እንደ መጣ ይሆናል። እናንተ ግን ማን እንደ ቀረ ጨምራችሁ ንገሯቸው።

6. ማጠቃለያ

እኚያ እናት ከዚያ በኋላ በካህኑ እጅ በቤታቸው ቆረቡ፤ የሰፈሩ ምእመናንም በየተራ ይጠይቋቸው ጀመር። የእድሩ ሴቶች ግን ከእኛ ቀድመው እንደ ደረሱ አንረሳም፤ ስለ እነርሱም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን በግ ሊፈልግ የወጣው ቆጥሮ ስለ ነበረ ነው (ሉቃ. 15፣3-7)። ካልቆጠርን አንፈልግም፤ ካልፈለግንም አናገኝም። በመጪው እሑድ ከመባረካችን በፊት ዙሪያችንን እንመልከት፤ ባዶ ሆኖ ያገኘነው ስፍራ የሳምንቱ አገልግሎታችን ይሁን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ወር በቁምስናችን ቅዳሴ ያላየነው ሰው ማን ነው? ምክንያቱን እናውቃለን?
2. ከእድርና ከማኅበር ልማዳችን ለቁምስናችን ሕይወት የሚጠቅመን ምንድር ነው?
3. ሰዎች አፍረው ወይም አዝነው እንዲቀሩ የሚያደርግ ነገር በእኛ በኩል አለ? ካለ እንዴት እናርመው?

ከሙታን ተነሥቶ በጉባኤው መካከል የቆመው ጌታ፣ የተሰበሰብነውን ይባርክ፤ የቀሩትንም በእኛ እግር ይጎብኝልን። አሜን።