የተጨነቀን ሕፃን ስለ መርዳት ለመምህራን የሚሰጥ ትምህርት

በነሐሴ 2013 ዓ. ም. ጦርነት ወደ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕፃናት ሞትንና ስደትን አዩ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ቢል፥ በድምፅ ቢደነግጥ፥ ትምህርቱንም ቢረሳ፥ ነገሩ ስንፍና ሳይሆን የፍርሃት ምልክት ሊሆን ይችላል። እርሱን በአርጩሜ መምታት ፍርሃቱን ያበዛበታል እንጂ አያተጋውም።

ጎንደር ከ1947 ዓ. ም. ጀምሮ የጤና ባለሞያዎች የሚማሩባት ከተማ ናት። ነገር ግን ደባርቅ ከርሷ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያም ወዲያ ያሉት የደጋ ቀበሌዎች መንገዳቸው አስቸጋሪ ነው። መምህሩ ለመማር ወደ ከተማ ቢወርድ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ይቀራሉ። ስለዚህ ትምህርቱ በስልክ ወደ መምህሩ ሊወጣ ይገባል፤ ባለሞያው ያስተምራል፥ መምህራንም የልጁን ስም ሳይገልጹ ያዩትን እየነገሩ ይጠይቃሉ። ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ የተቀዳው ትምህርት በሚሞሪ ካርድ ይድረስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ. ም. ያሳተመው መመሪያ ሦስት ነገር ያስተምራል፤ እነርሱም መመልከት፥ ማዳመጥና ማገናኘት ናቸው። መምህሩ በመጀመሪያ የልጁን ጠባይ መለወጥ ይመልከት። ቀጥሎም ጸጥ ባለ ስፍራ በርኅራኄ ያዳምጠው፤ ያየውን ክፉ ነገር እንዲናገር ግን አያስገድደው። በመጨረሻም ከወላጆቹ ጋር ተማክሮ ከጤና ጣቢያ ጋር ያገናኘው። ራሴን ላጥፋ የሚል ልጅ ግን ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ይወሰድ።

ሽማግሎችም ልጁን «እብድ» የሚሉትን ይገሥጹ፤ ጸበል የሚጠመቀውም ከሐኪም አይከልከል። መምህር ሐኪም አይደለም፤ ነገር ግን ልጁን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነው።