ትራኮማ የማን በሽታ ነው?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፥ በመንገዱ ዳር ማዳበሪያ አንጥፈው ጎመን፥ ቃሪያና ሽንኩርት የሚቸረችሩትን እናቶች ሳያይ አያልፍም። ይህ ጽሑፍም የተነሣው ከእነርሱ ከአንደኛዋ ጋር ካደረግሁት አጭር ጭውውት ነው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሲሆን፥ ፀሐይ ስትበረታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይከልላሉ፤ እንባቸው አያቋርጥም። ጠጋ ብሎ ለሚያያቸው ሰው ሽፋሽፍታቸው ተነቅሎ አልቋል።

«ጸጉሩ ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋኛል፥ ልጄ። እሑድ እሑድ የልጄ ልጅ በወረንጦ ትነቅልልኛለች፤ እኔማ በመስተዋት አይታየኝም» አሉኝ። ልጅቱ አምስተኛ ክፍል ናት። መቼ እንደ ጀመራቸው ብጠይቃቸው፥ «አዲስ አበባ ከገባሁ ዓይኔን አሞኝ አያውቅም ነበር፤ ይኸ በእርጅና የመጣ ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ስሕተት አለ፤ ስሕተቱም የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነው። እንዲህ ያለው ሕመም በእርጅና የሚመጣ አይደለም። ከምልክቱ እንደምንረዳው የያዛቸው ገና በልጅነታቸው፥ በተወለዱበት በጉራጌ አገር ሳሉ ነው። ይህን ለመረዳት የበሽታውን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ትራኮማ፥ ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው፥ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ከታመመ ልጅ ዐይናርና ንፍጥ ተነሥቶ በእጅ፥ በጋራ ፎጣ፥ በነጠላ ጫፍና በዝንብ አማካይነት ወደ ሌላው ዓይን ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን አያጠፋም፤ ያቀላል፥ ያሳክካል፥ ከዚያም ይድናል። ክፋቱ ደጋግሞ መያዙ ላይ ነው። አንድ ልጅ በየዓመቱ ሲድንና ሲያዝ ካደገ፥ የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛው ገጽ ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ዓይንን እንዲጠብቅ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ተቀልብሶ፥ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያ የሚባለውን ጥርት ያለ የዓይን መስኮት ይፍቀዋል። የተፋቀው መስኮት ይደፈርሳል፤ ብርሃንም አያሳልፍም። ከመጀመሪያው ሕመም እስከዚህ ደረጃ ለመድረስ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በ18 ማዞሪያ ዛሬ የምናየው የታመመ ዓይን፥ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ገጠር የነበረ የውሃ እጦት ውጤት ነው ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑት ልጆች 40.1 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው በዓይናቸው ላይ ሲሠራ ተገኝቷል። አማካይ ቁጥር ግን ሁልጊዜ የሚሸሽገው ነገር አለው። ለየብቻው ሲታይ በገጠር 42.5፥ በከተማ 10.7 ከመቶ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 62.6 ከመቶ ነበር። ከአዋቂዎች መካከል ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው ሴቶች 4.1 ከመቶ ሲሆኑ፥ ወንዶቹ 1.6 ከመቶ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መድኃኒት ስለ ታደለ ቁጥሩን እንደ ዛሬ ቁጥር መውሰድ አይገባም፤ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ልዩነቱን ነው። በዚያው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነው፤ ትራኮማ 11.5 ከመቶውን ይዟል። ነገር ግን ሞራ ሀብታሙንም ድኻውንም ያገኛል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ማን ይገፈፍለታል ሲባል ነው። ትራኮማ ግን ገና ከመነሻው ሰው ይመርጣል።

ሴቶቹ ለምን በዙ? የሴት ዓይን በተፈጥሮው ደካማ ስለ ሆነ አይደለም። ትንሹን ልጅ የሚያዝል፥ ንፍጡን የሚጠርግ፥ አጠገቡ የሚተኛ ማን ነው? እናትና ታላቅ እኅት ናቸው። በልጅነት የጀመረው መያዝ ለወንዱ ሲያድግ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለሴቷ ግን በራሷ ልጆች በኩል እንደ ገና ይመለስባታል።

«ድኻ ንጽሕና አያውቅም» የሚለው ቃል በእኛ በተማሪዎች አፍ ሳይቀር ይሰማል። ይህን የሚል ሰው አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሃያ ኪሎ መሆኑን፥ ያንንም በጀርባው አዝሎ አቀበት ወጥቶ እንደ ሆነ ይንገረን። የልጅ ፊት ለማጠብ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ጀሪካን ላይ ወጥና ቡና፥ የሚጠጣና ዕቃ የሚታጠብበት ተቀንሶ የሚተርፈው ኩባያ፥ እኛ ቧንቧ ከፍተን ከምንቀዳው ኩባያ ጋር በዋጋ አንድ አይደለም። የዝንቡም ነገር እንዲሁ ነው። ዓይን ላይ የሚያርፈው የዝንብ ዓይነት በተለይ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በጋምቢያ እንደ ታየው መጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ይቀንሳል። መጸዳጃ የሚቆፈረው ግን ቦታውና ጊዜው ላለው ነው።

ትራኮማ የአፍሪካ ዕጣ የሚመስለው ካለ የለንደንን ታሪክ ይመልከት። በዓለም የታወቀው የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1805 የተመሠረተው፥ ከግብፅ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ይህን በሽታ ይዘው በገቡበት ዘመን ነው። ከምዕራብ አውሮፓ በአብዛኛው የጠፋው ግን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት፥ ቤቱ ሲሰፋ፥ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መውረጃ ሲገባ ነው። በኒውዮርክ ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኤሊስ ደሴት የስደተኛው የዓይን ቆብ እየተገለበጠ ይመረመር ነበር፤ ትራኮማ የተገኘበትም ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ግን ባብዛኛው መርከባቸው ላይ እንዳሉ በቀላሉ ታይተው ያልፉ ነበር። ባክቴሪያው የመርከብ ቲኬት እንደማያነብ የታወቀ ነው።

መድኃኒቱን በሚመለከት፥ ቀድሞ የሚታዘዘው የቴትራሳይክሊን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት የሚቀባ ነበር። ማጭድ ይዛ የምትውል እናት ይህን ትፈጽማለች ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ኋላ አዚትሮማይሲን መጣ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በአፍ ይወሰዳል፥ ትልቅ እርምጃም ነው። ሆኖም ከ1995 እስከ 1997 ዓ.ም. በዚያው በጉራጌ ዞን በስምንት መንደሮች የተደረገ ጥናት የሚያስተምረን አለ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆኑት ልጆች ባክቴሪያው የተገኘባቸው 43.5 ከመቶ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ መድኃኒት ከታደለ በኋላ ወደ 5.1 ወረደ፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ 11.3 ከመቶ ተመለሰ። መድኃኒቱ ደረሰ፥ ውሃው ግን በነበረበት ቀረ። የዓለም የጤና ድርጅት «ሴፍ» በሚለው ስልት ቀዶ ሕክምናን፥ መድኃኒትን፥ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ መሻሻልን አንድ ላይ ማስተሳሰሩ በዚህ ምክንያት ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፥ ጋና በ2018 በሽታውን የሕዝብ ጤና ጠንቅ ከመሆን አስወግደዋል፤ ኢትዮጵያ ገና ከዚህ ዝርዝር አልገባችም። በእኔ አስተያየት ከአራቱ ክንዶች ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ወደ ፊት ሮጠው፥ ሁለቱ የኋለኞቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። መድኃኒት በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ምንጭ ግን መጎልበት፥ ቧንቧም መዘርጋት አለበት።

ሽፋሽፍቱ ለተቀለበሰበት ሰው ያለው መፍትሔ የዓይን ቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ የሚመልስ ቀዶ ሕክምና ነው። ሥራው ለአንድ ዓይን ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በገጠርም የሠለጠኑ ነርሶች ይሠሩታል። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፥ የቀረውን ግን ያድናል። በወረንጦ መንቀል ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል፤ ጸጉሩ እንደ ገና ሲበቅል አጭርና ሹል ሆኖ ይወጋል።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ለእኒያ እናት አስረዳኋቸው። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመውና የዓይን ሕክምናም የሚሰጠው አለርት በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስለሚገኝ፥ ሩቅ እንዳልሆነ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም ቆጠሩ፤ ለመታየት አንድ ቀን፥ ለመሠራት አንድ ቀን፥ ዓይን ታሽጎ አንድ ቀን፥ ክር ለማስወጣት አንድ ቀን፤ ሁለተኛው ዓይን ሲጨመር ደግሞ እንደ ገና። ልጅቱም እየመራች ለመውሰድ ከትምህርቷ መቅረቷ ነው።

«ጎመኑ ማታውኑ ይጠወልጋል፥ ልጄ» አሉኝ። «የዛሬውን ካልሸጥሁ የነገውን በምን አነሣለሁ?»

ከአጠገባቸው ቃሪያ የሚሸጡት ጎረቤታቸው ይህን ሲሰሙ፥ ቦታውን ሁለት ቀን እሳቸው እንደሚጠብቁላቸው ተናገሩ። ስለ ቀሩት ቀናት ሲነጋገሩ ታክሲው መጣ።