ከደም ጋር የገባ ብረት እንዴት ይለካል?

ብረት ለሕይወት አስፈላጊ ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚገኘው ጠቅላላ መጠን ግን ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው በቀይ የደም ሕዋሳት ሂሞግሎቢን ውስጥ ይኖራል። በየቀኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ከምግብ እንወስዳለን፤ ያንኑ ያህልም እናጣለን። ሰውነታችን ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም።

እንደ ታላሲሚያና ሲክል ሴል ባሉ በሽታዎች ምክንያት ደም በየጊዜው የሚሰጣቸው ሕሙማን ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይይዛል። በየወሩ 2 ከረጢት የሚወስድ ሰው በዓመት ቢያንስ 24 × 200 = 4,800 ሚሊግራም ይጨምራል፤ ይህም አስቀድሞ በመላ ሰውነቱ ከነበረው ብረት ጋር የሚስተካከል ነው። ትርፉ በጉበት፣ በልብና በዕጢዎች ተከማችቶ ይጎዳቸዋል። ብረቱን ይዘው የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ መቼ እንደሚጀመሩ ለመወሰን ግን ልኬት ያስፈልጋል።

የተለመደው ልኬት በደም ውስጥ ያለው ፌሪቲን የተባለው ብረት አከማች ፕሮቲን መጠን ነው። ከ1,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ሆኖ ሲቆይ ሐኪሞች ሕክምናውን ለመጀመር ያስባሉ። ይሁን እንጂ ፌሪቲን በኢንፌክሽን ጊዜም ይጨምራል። እንደ አሶሳ ባለ ወባማ አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ትኩሳት በያዘው ሰው ላይ የታየው ጭማሪ የብረቱ ነው ወይስ የወባው? ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ሕመምተኛው ትኩሳት በሌለው ጊዜ በየ3 ወሩ ገደማ እየተለካ አዝማሚያው ሊታይ ይገባል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳናል። በኤም አር አይ መሣሪያ ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሃይድሮጅን ኒውክለሶች በአንድነት እየዞሩ ምልክት ይሰጣሉ። ነገሩ በቤኒሻንጉል የበርታ ሕዝብ ዋዛ የተባለውን የቅል መለከት ሲነፋ እንደምናየው ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ ጊዜውን ጠብቆ ሲነፋ ዜማው ይሰማል፤ ጊዜው ሲዛነፍ ይበተናል። የተከማቸ ብረት በዙሪያው ጥቃቅን መግነጢሳዊ መስኮችን ስለሚፈጥር የኒውክለሶቹን ኅብር ያፈርሳል፤ ምልክቱም ፈጥኖ ይከስማል። የመክሰሚያው ጊዜ በልብ ውስጥ ከ20 ሚሊሰከንድ ካነሰ ብረት መከማቸቱን፣ ከ10 ካነሰ ደግሞ ለልብ ድካም የሚያጋልጥ ከባድ ክምችት መኖሩን ያመለክታል። ይህን ዘዴ የለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ካስተዋወቁት ወዲህ የልብን ብረት ያለ ቀዶ ሕክምና መለካት ተችሏል።

መሣሪያው ውድ በመሆኑ በየሆስፒታሉ አይገኝም። የወሰዱትን ከረጢት ቆጥሮ በካርድ ላይ መመዝገብ ግን የትም ይቻላል። ትኩሳት ፌሪቲንን ያዛባል፤ የከረጢቱን ቁጥር ግን አያዛባም።